ቡት ሚዲያ ምንድን ነው?

አይኤስኦውን፣ ማለትም የመጫኛውን ፋይል፣ ዳውንሎድ አደረጋችሁ። ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረጋችሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ግን ፍላሹን እንዳላየ አልፎት ሄደ። እንደ ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጫን የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። እኔም መጀመሪያ የተሰናከልኩት እዚሁ ነበር። ፍላሹም ፋይሉም ጤነኛ ናቸው። የጎደለው ነገር ፍላሹ ገና ቡት ሚዲያ አለመሆኑ ነው።

ቡት ሚዲያ ማለት ኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ ላይ ምንም ባይኖር እንኳ ሊነሳበት የሚችል ነገር ነው። ፍላሽ፣ ሲዲ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል።

ፋይልን በስሙ ፈልጎ የሚከፍትልን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ግን እሱ ገና አልተነሳም። በዚያች ሰዓት ያለው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው። ባዮስ የሚባለው የድሮው ፈርምዌር የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ማንበብ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች በሄክሳዴሲማል 55 እና ኤኤ ከሆኑ ሥራውን እዚያ ላለው ኮድ ያስረክባል። ካልሆኑ ወደ ሌላ ዲስክ ያልፋል። 512 ባይት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እዩት፤ በዩቲኤፍ-8 ዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ብናስቀምጥበት 170 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ያ ኮድ ቡትሎደር የሚባለውን ተለቅ ያለ የማስነሻ ፕሮግራም ይጠራል፣ ቡትሎደሩ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ሜሞሪ ላይ ያወጣል፣ ከርነሉ የቀረውን ያስነሳል። ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ ፈርምዌር ትንሽ ይሻላል። ፋት በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ውስጥ ገብቶ የተወሰነ ስም ያለው ቡት ፋይል ይፈልጋል።

አሁን ወደ አይኤስኦው እንመለስ። አይኤስኦ የአንድ ሙሉ ዲስክ ግልባጭ ነው። ኮፒ ፔስት ስታደርጉት ፍላሹ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፋይል ይቀመጣል፤ የፍላሹ የመጀመሪያ 512 ባይት አይነካም። እንደ ዲዲ ባለ ትዕዛዝ ሲጻፍ ግን የአይኤስኦው የመጀመሪያ ባይት የፍላሹ የመጀመሪያ ባይት ይሆናል። ልዩነቱ ይኼው ነው።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ብልሃት አለ። የሲዲ ፋይል ሲስተም የመጀመሪያዎቹን 32 ኪሎባይት አይጠቀምባቸውም። ብዙዎቹ የሊኑክስ አይኤስኦዎች እዚያች ክፍት ቦታ ላይ የዲስክ ቡት ኮድ ይጨምራሉ። በዚህም አንዱ ፋይል ሲዲ ላይም ፍላሽ ላይም ይነሳል። ፍሪቢኤስዲ ደግሞ ለፍላሽ የተዘጋጀ ሜምስቲክ የሚባል ፋይል አለው፤ ለፍላሽ ከሆነ እሱን አውርዱ።

ዲዲ ግን "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ አይጠይቅም። የዲስኩን ስም በአንድ ፊደል ከሳታችሁ የዓመታት ፎቷችሁ ላይ ይጽፍበታል። ከመጻፋችሁ በፊት የዲስኮቹን ዝርዝር አውጡና በመጠናቸው ለዩ። የምትጽፉትም መጨረሻው ላይ ቁጥር ባለው ፓርቲሽን ላይ ሳይሆን በሙሉው ፍላሽ ላይ ነው። ያወረዳችሁትን ፋይል ቼክሰምም (ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያሳየውን መለያ) አመሳክሩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ከሚቆም ጭነት ያድናችኋል።

ድሮ ይህ ሁሉ በ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ነበር የሚሠራው። በ1993 የወጣው ስላክዌር የሚባለው ሊኑክስ በርካታ ፍሎፒ ተራ በተራ እየተቀያየረ ይጫን ነበር። በ1995 ኤል ቶሪቶ የሚባል ስታንዳርድ መጣና ከሲዲ በቀጥታ መነሳት ተቻለ። በእጅ የሚያዝ ነገር ጭራሽ የማያስፈልገው መንገድም አለ፤ ፒኤክስኢ ይባላል። የኔትወርክ ካርዱ ከሰርቨር አድራሻና የቡት ፋይሉን ስም ይቀበላል፣ ከዚያ ፋይሉን በኬብሉ ያወርዳል። ብዙ ማሽን በአንዴ ለሚጭን ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ፍላሹ ተዘጋጅቶም ኮምፒውተሩ ካለፈው፣ ሲበራ ቡት ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ ምረጡት። ጭነቱ አልቆ ሪስታርት ሲል ደግሞ ፍላሹን ንቀሉት፤ ካልነቀላችሁት ያው የመጫኛ ሜኑ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።