የራስን ቤት ያለ ተቋራጭ ማሠራት

ያለ ተቋራጭ ቤት ማሠራት ሲባል ባለቤቱ ራሱ ግንበኛ ሆነ ማለት አይደለም። ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ የፌሮ (የአርማታ ብረት) ሠራተኛውን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ለየብቻ ይዋዋላል፤ ዕቃ ይገዛል፤ ማን መቼ እንደሚገባ ይወስናል። ተቋራጭ ለአስተዳደርና ለትርፍ የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ከሥራው ዋጋ ከ10 እስከ 20 በመቶ ስለሚደርስ አብዛኛውን ሰው ወደዚህ የሚስበው ይህን ገንዘብ ማዳን ነው። ሆኖም ከገንዘቡ ጋር ተቋራጩ የሚሸከመው ኃላፊነትም ወደ ባለቤቱ ይዞራል። የተበላሸን ሥራ አፍርሶ መሥራት፣ የጠፋ ዕቃ፣ የሠራተኛ ጉዳት ሁሉ ይመለከተዋል። ስለዚህ የግንባታና የአደጋ መድን ሥራው ሳይጀመር መታየት አለበት።

ባለቤቱ የተቋራጩን ቦታ መያዝ ይችላል፤ የመሐንዲሱን ግን አይችልም። የአፈር ምርመራ፣ የአርክቴክትና የስትራክቸር (የቤቱን ክብደት የሚሸከሙት ክፍሎች) ንድፍ፣ የግንባታ ፈቃድ ለባለሙያና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚተው ናቸው። ከንድፉ ቀጥሎ የሥራና የዕቃ መጠን ዝርዝር ይዘጋጃል። ይህ ዝርዝር ከሌለ የሁለት ግንበኞችን ዋጋ ማወዳደር ከንቱ ነው፤ አንዱ ልስኑን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ተናግሮ ሊሆን ይችላልና።

የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ ቁፋሮ፣ መሠረት፣ ኮለን (ምሰሶ) እና ሶሌታ (የአርማታ ወለል)፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር፣ ልስን፣ ማጠናቀቂያ። ከባዱ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሩ ነው። በሶሌታው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክና የፍሳሽ ቱቦ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ካልተቀበረ፣ በኋላ የሚጠብቀው የደረቀውን መሰርሰር ነው። ባለቤቱ ሌላ መደበኛ ሥራ ካለው፣ ሌላው ቀን ቢያልፈው እንኳ አንድ ሥራ በሌላ ሊሸፈን በተቃረበበት ቀን ከቦታው መጥፋት የለበትም እላለሁ።

ከነዚህ ቀናት ዋነኛው የአርማታ ቀን ነው። ከዋዜማው ጀምሮ የፌሮው ውፍረት፣ ብዛትና ርቀት ከንድፉ ጋር በሜትር እየተለካ ይታያል። ፌሮው ፎርምወርኩን (አርማታው የሚፈስበትን ቅርጽ) ወይም መሬቱን ተደግፎ መተኛት የለበትም፤ የሚሸፍነው አርማታ በቂ ካልሆነ እርጥበት ገብቶ ያዝገዋል። ከአፈር ጋር ለሚገናኝ መሠረት ብዙ ንድፎች ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ሽፋን ይጠይቃሉ። ሠራተኛ አርማታው በቀላሉ እንዲፈስለት ውሃ ሲጨምርበት ማስቆም ያስፈልጋል፤ ትርፍ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ጥንካሬውን ይቀንሳል። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ እየጠጣ እርጥበቱን ይዞ መቆየት አለበት። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በ7ኛው ቀን የሚደርሰው በተለመደው ሲሚንቶ ወደ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። የሶሌታውን ድጋፍ ለማንሳት መቸኮል አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ቀኑን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው።

የቧንቧ መስመርም ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ውሃ ተሞልቶ በግፊት ይፈተሻል። ከዚያ ግድግዳው ሁሉ መለኪያ ሜትር ተደግፎበት ፎቶ ይነሳል። ከዓመታት በኋላ ምስማር የሚመታ ሰው ቱቦው የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ፎቶ ነው።

ውሉ የእጅ ዋጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዕቃንም ሊጨምር ይችላል። በእጅ ዋጋ ሲሆን ዕቃውን ባለቤቱ ስለሚያቀርብ ብክነቱም የእሱ ነው። ሲሚንቶ ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ፣ ከእርጥበት ተጠብቆ፣ በ3 ወር ገደማ ውስጥ ማለቅ ይኖርበታል፤ ቀድሞ በብዛት ገዝቶ ማከማቸት ሁልጊዜ አያዋጣም። መስኮት፣ በርና የወጥ ቤት ቁምሳጥን ግን ለመሠራት ሳምንታት ስለሚወስዱ ግድግዳው ሳያልቅ ይታዘዛሉ።

ክፍያ ተለክቶ ለተረከቡት ሥራ ብቻ ይፈጸማል። ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 ወይም 10 በመቶ እየተቀነሰ በመያዣነት መቆየቱ የተለመደ ነው፤ ይህም በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ላልታሰበ ወጪ ከጠቅላላው ቢያንስ 10 በመቶ ለብቻው ማስቀመጥም ተገቢ ነው፤ መሠረት ሲቆፈር ከምርመራው ውጭ የሆነ ልል አፈር ሊገኝ ይችላል። የጣሪያ ሠሪው መያዣ የሚለቀቀው፣ ውሉ ከፈቀደ፣ ቤቱ አንድ ከባድ ዝናብ ካየ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።