ደሙን ብቻ አትቁጠሩ፦ በትንሽ በጀት ስለሚሠሩ ሆረር ፊልሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በትንሽ ገንዘብ የተሠራ፣ ደም እንደ ውሃ የሚፈስበት ሆረር ፊልም ሲወጣ የተመልካቹ አስተያየት ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ጊዜዬን በላው፣ ቆሻሻ ነው» ብሎ አንድ ኮከብ ይሰጣል። ሌላው «የዓመቱ ምርጥ» ብሎ አምስቱንም ይደረድራል። መሃል ላይ የሚቆም ጥቂት ነው።

ሁለቱም ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ደሙ ብዛትና ስለ ገንዘቡ ማነስ ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም የሚያነሳውም የሚጥለውም ግን ሌላ ነገር ነው። ካሜራው የት ቆመ? ምን ደበቀ? ምን ተሰማ? ትዕይንቱ የቱ ጋ ተቆረጠ? እነዚህን ፊልሞች ከልቤ ስለምወዳቸው በየአስተያየቱ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ማንሳት ፈለግኩ።

«ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደም ብቻ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣውን የዳይሬክተር ቶቢ ሁፐርን «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» እንውሰድ። የተሠራው በ140,000 ዶላር ገደማ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ የደም ጎርፍ ይጠብቃል። አይተው የጨረሱ ሰዎችም ከዓመታት በኋላ ሲያወሩ «ያ ሁሉ ደም!» ይላሉ። ፊልሙን ቆም እያደረጋችሁ ብታዩት ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ደም በጣም ትንሽ ነው። ሁፐር እንዲያውም ደሙን የቀነሰው ለዘብ ያለ የዕድሜ ገደብ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። አልተሳካለትም።

ሁሉም የሚያወራው ወጣቷ የሥጋ መስቀያ መንጠቆ ላይ የምትሰቀልበትን ትዕይንት ነው። መንጠቆው ሰውነቷ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው የለም። ምክንያቱም አልተቀረጸም። ገዳዩ ተሸክሟት ይመጣል። መንጠቆው ይታያል። ከዚያ ፊቷ። ከዚያ ደግሞ ከእግሯ ሥር የተቀመጠ መያዣ። መያዣው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ማንም አይነግረንም፣ መንገርም አያስፈልግም። ቀጥሎ የገዳዩ የሞተር መጋዝ ይነሳል። የቀረውን የሠራነው እኛው ነን። ተመልካቹ በገዛ ጭንቅላቱ የሣለውን ነገር ነው በኋላ «በዓይኔ አየሁት» ብሎ የሚምለው።

ይህ ነገር ባለሥልጣናትንም አስቸግሯል። በብሪታኒያ የፊልም ደረጃ ሰጪው አካል በ1975 ከለከለው። ለአገር አቀፍ እይታ ምንም ሳይቆረጥበት የተፈቀደው በ1999 ነው። ቆራርጦ ለማሳለፍ ተሞክሮ ነበር። ነገር ግን ያንን ምስል ብታወጣ፣ ይህንን ብታሳጥር፣ ፊልሙ ያው ነው። የሚረብሸው አንድ የተወሰነ ምስል ሳይሆን አጠቃላይ ድባቡ ነበር። ድባብ ደግሞ በመቀስ አይቆረጥም።

ሁሉም ፊልም እንዲህ ይደብቃል ማለቴ አይደለም። በ1963 ሄርሼል ጎርደን ሉዊስ በ24,500 ዶላር የሠራው «ብለድ ፊስት» ምንም አልደበቀም። ሐሳቡም ያ ነበር፤ ሌላው የማያሳየውን ማሳየት። ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ የሚሠሩበት መንገድ ግን ጨርሶ አይገናኝም። «ደም ብቻ ነው» የሚለው አስተያየት ይህንን ልዩነት ይደፈጥጠዋል።

«ደሙ የውሸት መሆኑ ያስታውቃል፣ ሠሪዎቹ ሰነፎች ናቸው»

ይህ አስተያየት ያናድደኛል። እስቲ በሦስት ሰከንድ የሚያልፍ አንድ የአንገት መቆረጥ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው።

የተዋናዩ አንገት ላይ ከሲሊከን የተሠራ ስስ ቆዳ ይለጠፋል። ጠርዙ ከራሱ ቆዳ ጋር እስኪመሳሰል በብሩሽ ይቀባል፣ እንደገና ይቀባል። ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ይገባና በሸሚዙ ውስጥ አልፎ በጀርባ በኩል ይወርዳል። የቱቦው ጫፍ ላይ ትልቅ ሲሪንጅ የያዘ ሰው አለ። እሱ ካሜራው እንዳያየው መሬት ላይ ተጋድሟል። ቢላዋው ደነዝ ነው። ሲሪንጁ ቀድሞ ከተገፋ ደሙ ከቢላዋው በፊት ይወጣል። ከዘገየ ቢላዋው ባዶ ቆዳ ላይ ያልፋል። ሸሚዙ አንዴ ከራሰ አለቀ፤ እንደገና ለመቅረጽ ሌላ ተመሳሳይ ሸሚዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ሸሚዝ የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለ ያለው አንድ ዕድል ብቻ ነው። በስኳር ሲሮፕ የተሠራው ደም ደግሞ ሲደርቅ ቆዳ ላይ፣ ፀጉር ላይ፣ ወለል ላይ ይጣበቃል። ከቀረጻው በኋላ ጽዳቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ይህንን የሚሠሩ ሰዎች በምንም መለኪያ ሰነፍ አይባሉም።

ቀለሙም ቢሆን የራሱ ምክንያት አለው። እውነተኛ ደም ሲቆይ ይጠቁራል። በደብዛዛ ብርሃን ካሜራ ላይ ጥቁር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያደምቁታል። በጥቁርና ነጭ ዘመን ደግሞ ቀለሙ ምንም ስለማይታይ የቸኮሌት ሲሮፕ ይበቃ ነበር። በ1960 በወጣው የዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» ላይ ሻወር ውስጥ የሚፈሰው እሱ ነው።

«ቀለሙ ቀሽም ነው» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ምርጫ ነው። በ1978 በወጣው «ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ» ላይ ደሙ እንደ ቀለም ቀይ ነው። ሜካፑን የሠራው ቶም ሳቪኒ በቬትናም ጦርነት የጦር ሠራዊት ፎቶ አንሺ ሆኖ እውነተኛ ሬሳ ያየ ሰው ነው። ደም ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቀለሙንም አልወደደውም። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ ግን የካርቱን መጽሔት መልክ ይሰጠዋል፣ ለፊልሙ ይሄዳል አለ። ሳቪኒ ልክ ነው ወይስ ሮሜሮ የሚለው ያከራክራል። እኔ ከሮሜሮ ጋር ነኝ። ማንም ግን ሳያስብበት ያደረገው ነገር አይደለም።

በኮምፒውተር የሚጨመር ደም ሌላ ጉዳይ ነው። ሸሚዝ አያበላሽም፣ ጽዳት አይፈልግም። ለዚያም ነው ገንዘብና ጊዜ ያጠራቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ እሱን የሚመርጡት። ሲረጭ አይታችሁ ግድግዳው ላይ ካልቀረ፣ ልብሱ ካልረጠበ፣ የኮምፒውተር ደም ነው።

«በጀቱ ትንሽ ከሆነ ፊልሙም ርካሽ ነው»

በ1968 የወጣው የሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ያወጣው ገንዘብ 114,000 ዶላር ገደማ ነው። ፒትስበርግ አካባቢ ባሉ ሰዎች መዋጮ ተሠራ። ታሪኩ አንድ ቤት ውስጥ የታፈነው ሌላ ቦታ ለመቅረጽ አቅም ስለሌለ ጭምር ነው። ግን ያ መታፈን ነው ፊልሙን ያደረገው። በሮቹ በእንጨት ሲቸነከሩ፣ ሰዎቹ ከውጭ ካለው ጠላት ይልቅ እርስ በርስ ሲጣሉ፣ ገንዘቡ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ በሌላ ነገር ይሸፈን ነበር። በዚያ ዘመን ዋናው ገጸ ባሕርይ ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ተዋናዩ ዱዌን ጆንስ ነው። በ1999 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የፊልም መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

የሚያሳዝነው ሌላው ታሪክ ነው። ፊልሙ ርዕስ ሲቀየርለት የቅጂ መብት ማስታወቂያው አብሮ ወደቀ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ያ ማለት መብቱን ማጣት ነው። ማንም እያባዛ ሸጠው። ዓለም ሁሉ አየው፣ የደከሙበት ሰዎች ግን የሚገባቸውን አላገኙም።

ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰንም አለ። በ1987 የወጣውን «ባድ ቴስት» ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜና እሑድ እየቀረጸ ለመጨረስ አራት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ጭምብሎቹን የጋገረው እናቱ ማዕድ ቤት ባለው ኦቨን ነው። የዚሁ ሰው አንድ ፊልም በኋላ በአንድ ምሽት 11 ኦስካር ወሰደ። «እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ የትም አይደርስም» ለሚሉ መልሱ እሱ ነው።

«ሰው ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ስለዚህ እጅግ አስፈሪ ነው»

ይህን ወሬ ተመልካቹም ሻጩም ይወደዋል። ግን ራስን መሳት የፍርሃት መለኪያ አይደለም። ሰው ሲፈራ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል። ደምና ቁስል ሲያዩ የሚዝለፈለፉ ሰዎች ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ያንሳል። መርፌ ሲወጉ ወይም ደም ሲሰጡ የሚወድቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በጣም አሰልቺ የሆነ ፊልም፣ አንድ ጥሩ የቁስል ምስል ካለው፣ ሰው ሊጥል ይችላል።

ነገሩ ለማስታወቂያ መዋሉም አዲስ አይደለም። በ1958 ዊልያም ካስል «ማካብር» ለተባለው ፊልሙ፣ በፍርሃት ለሚሞት ተመልካች 1,000 ዶላር የሚከፍል የሕይወት ኢንሹራንስ ገባ። 

«ይህን የሚወድ ሰው ጤናማ አይደለም»

ይህ ፍርድ ከፊልሙ አልፎ ሰው ላይ ስለሚያርፍ ከባድ ነው። ብዙ የሆረር ወዳጆች በዚህ ምክንያት የሚወዱትን ይደብቃሉ።

እነዚህን ፊልሞች የሚያይ ሰው የሚፈልገው ሰው ሲሰቃይ ማየት ቢሆን ኖሮ ፍርሃት ባልተሰማው ነበር። ግን ይሰማዋል። የሚጨነቀው ለሚሸሸው ነው። «ወደዚያ አትግቢ!» ብሎ ስክሪኑ ላይ የሚጮኸው ለማን አዝኖ ነው? በ2021 የታተመ አንድ ጥናት የሆረር ወዳጆች በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ከሌሎች ያነሰ የአእምሮ ጭንቀት እንዳሳዩ አግኝቷል። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ ሰው አደጋ በሌለበት ቦታ ፍርሃትን መቋቋም ይለማመዳል የሚል ነው። ፊልሙ ነው ያጠነከራቸው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ከመጀመሪያውም የጠነከሩ ሰዎች ይሆናሉ ሆረር የሚመርጡት። ቢያንስ ግን «የታመሙ ናቸው» ከሚለው ፍርድ ጋር አይሄድም።

ይህ ማለት ለሁሉም ሰው ነው ማለት አይደለም። ለሕፃናት አይደለም። ከባድ ጥቃት ያለፈበት ሰውም «አልችለውም» ካለ እሱ ነው የሚያውቀው።

«እውነት ገድለው ነው የቀረጹት»

በ1980 የወጣው የጣሊያኑ ሩጄሮ ዴኦዳቶ «ካኒባል ሆሎኮስት» ላይ ይህ ክስ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዳይሬክተሩ ተዋናዮቹ በሕይወት መኖራቸውን ማሳየት ነበረበት። አሳየ፣ የግድያ ክሱም ወደቀ። ነገር ግን በዚያ ፊልም ላይ የተገደሉት እንስሳት እውነተኛ ናቸው። ይህንን የሚያወግዝ ተመልካች አልተሳሳተም። ለኔም ምንም ዓይነት ጥበብ አያጸድቀውም።

«ያልወደደው ፈሪ ነው»

አሁን ደግሞ ወደኛ ወደ ወዳጆቹ። አንድ ሰው «አልተመቸኝም» ሲል «ወንድ አይደለህም፣ ሆድህ አልቻለም» ብሎ ማጥቃት የተለመደ ሆኗል። ሰውዬው ግን ምናልባት ጨርሶ አልፈራም። ሰልችቶት ይሆናል። ሁሉም ገጸ ባሕርያት አንድ ዓይነት ሆነውበት ማን ቢሞት ግድ አልሰጠው ይሆናል። ይህ የፊልሙ ድክመት ነው፣ የተመልካቹ አይደለም።

«ገንዘብ ስላልነበራቸው ሁሉም ይቅር ይባል»

አይባልም። ውድ ተዋናይ፣ የሚቃጠል መኪና፣ ትልቅ ከተማ ባይኖር ይቅርታ ይደረጋል። ድምፅ ግን ሌላ ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። አንዱ ሹክሹክታ ጠፍቶ ቀጣዩ ጩኸት ጆሮ ሲበጥስ፣ ከየትዕይንቱ ጋር የክፍሉ ድምፅ ሲቀያየር፣ ሰው ከታሪኩ ይወጣል። በነዚህ ፊልሞች ላይ ከሚሰጡት አሉታዊ አስተያየቶች ውስጥ «ደስ አይልም» ብቻ የሚሉት ብዙዎቹ መነሻቸው ይህ ይመስለኛል። ሰው ምስሉን ይወቅሳል፣ ጥፋተኛው ግን ድምፁ ነው።

ጥሩ ድምፅ ደግሞ የግድ ሀብት አይጠይቅም። «ሳይኮ» ላይ የምንሰማው የቢላዋ ድምፅ የተቀዳው ሜሎን እየተወጋ ነው። በ1978 ጆን ካርፔንተር በ300,000 ዶላር ገደማ «ሃሎዊን»ን ሠራ። ፊልሙ ላይ ደም ብዙም የለም። ካርፔንተር ራሱ እንደጻፈው ሙዚቃና የድምፅ ሥራ ሳይገባበት ለአንዲት የትልቅ ስቱዲዮ ኃላፊ አሳያት። ጨርሶ አላስፈራትም። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ ሙዚቃውን ራሱ ደረሰለት። ከወራት በኋላ ይኸው ፊልም፣ በዚያው ምስል፣ ሙዚቃው ገብቶበት ስታየው ወደደችው።