«ራጁ ምንም የለውም» ማለት ጉልበቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም

ሱሉልታ ላይ ማለዳ ከሚሮጡት ወጣቶች አንዱ ጉልበቱን ይዞ ከሜዳው ዳር ይቀመጣል። «ራጅ ተነሥቻለሁ፤ ምንም የለብህም ተብያለሁ» ይላል። በሳምንቱ እያነከሰ ይሮጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተነጠፉት ሁለት ግማሽ ጨረቃ መሳይ ልም አጥንቶች፣ ሐኪሞች ሜኒስከስ የሚሏቸው፣ በራጅ አይታዩም። የተነገረው «ስብራት የለም» ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

«እንግዲያው ልም አጥንትን ጭምር በሚያሳየው በኤምአርአይ ካልሆነ አይታወቅም» የሚሉም አሉ። ምርመራው ግን የሚጀመረው በሐኪሙ ጆሮና እጅ ነው። ጉልበቱ የተጠመዘዘው እግሩ መሬት እንደረገጠ ነው? እብጠቱ መቼ መጣ? በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሆነ የጅማት መበጠስን፣ በማግሥቱ ከሆነ ደግሞ የሜኒስከስን ጉዳት ያስጠረጥራል። ከዚያ ሐኪሙ የመገጣጠሚያውን መስመር በጣቱ ይጫናል፤ ጉልበቱን አጥፎ ቅልጥሙን እያዞረ ቀስ ብሎ ይዘረጋዋል። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ሲያስነሣ ነው። ጨረር አለው የሚባለውም ስሕተት ነው፤ የሚሠራው በማግኔት ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር።

ብዙ ሰው የሚጎዳበት አስተሳሰብ «ኤምአርአይ ሜኒስከሱ መቀደዱን ካሳየ ኦፐሬሽን ግድ ነው» የሚለው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በታተመው የአሜሪካው የፍራሚንግሃም ጥናት፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ሜኒስከሳቸው ተቀድዶ ከተገኙት 61 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ሕመምም ሆነ የመገተር ስሜት አልነበራቸውም። በ2013 ደግሞ የፊንላንድ ሐኪሞች ሜኒስከሳቸው በጊዜ ብዛት የተቀደደ 146 ሕሙማንን ለሁለት ከፈሏቸው። ለሁሉም በአርትሮስኮፒ ትንሽ ካሜራ ወደ ጉልበታቸው ገባ፤ ለግማሾቹ የተቀደደው ተቆርጦ ወጣ፣ ለሌሎቹ የተቆረጠ እንዲመስላቸው ብቻ ተደረገ። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጉዳት ፊዚዮቴራፒ መቅደም አለበት።

ተጠምዝዞ የተቆለፈና አልዘረጋ ያለ የወጣት ጉልበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ወጌሻ አሽቶ ይመልሰዋል» ብላችሁ አትውሰዱት። የተቀደደው ልም አጥንት በር ሥር እንደገባ ጠጠር መገጣጠሚያው መካከል ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል፤ በኃይል ሲጎተት ይብስበታል። በጊዜ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ከደረሰ ሳይቆረጥ በስፌት ሊጠገን ይችላል።