«ስለ ኢቃማዬ ከፊሌ ያውቃል»፦ ሳውዲ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅዳ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ በረካው ሳይደርስ፣ አንዷ ስልኳን ትዘረጋልኛለች፤ «እስቲ ይቺን እዪልኝ»። ዐረብኛ ማንበብ ስለምችል ለዓመታት የብዙ ሰው ኢቃማ በእጄ አልፏል። ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ ነው፤ የሥራ ፈቃዱም ከሱ ጋር ስለተሳሰረ እኛ ሁለቱንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ከፊል ደግሞ አሠሪው፣ ኢቃማው በስሙ የተያዘለት ሰው። ከስልኩ ጋር አብሮ የሚመጣው ወሬ ግን ግማሹ ከደላላ፣ ግማሹ ከቲክቶክ የተለቀመ ነው።

«ካርዴ አዲስ ነው፣ ስለዚህ ኢቃማዬ አለ»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። ባለፈው አንዲት እህት ካርዷን ከስልኳ ሽፋን ሥር አወጣችልኝ፤ ጠርዙ እንኳ አልተላጠም። አብሸርን (የሳውዲ መንግሥት የአገልግሎት መተግበሪያ ነው) ከፍተን ስናይ ኢቃማዋ ካለቀ አራት ወር ሆኖታል። ካርዱ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው፤ ፈቃዱ ግን በየጊዜው የሚታደሰው በሲስተም ውስጥ ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ቢያስቆማት በ2 የሚጀምረውን ባለ10 አሃዝ ቁጥሯን አስገብቶ የሚያየው ሲስተሙን እንጂ የካርዱን ማማር አይደለም።

ቀኑም ያሳስታል። እሷ በሐበሻ አቆጣጠር መስከረም ላይ እንደታደሰላት ታስታውሳለች፣ ስልኩ ላይ ያለው 1447 የሚል የሂጅራ ዓመት ነው፣ ኮንትራቷ ላይ ያለው ደግሞ የፈረንጅ። የሂጅራ ዓመት ከፈረንጁ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር «መስከረም ሲመጣ አስታውሳቸዋለሁ» ያለች ሰው ቀኑ አልፎ ታገኘዋለች።

«አብሸር የከፊል ነው፣ እኔን አይመለከተኝም»

ይመለከትሻል። ኢቃማ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን አብሸር መክፈት ይችላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሲም ካርዱ ነው፤ መዳም (የቤቱ እመቤት) በሰጠችሽ ወይም በጓደኛ ስም በወጣ ሲም ከተከፈተ፣ የማረጋገጫው ኮድ የሚደርሰው የሲሙ ባለቤት ዘንድ ነው። በራስሽ ስም የወጣ ሲም ይኑርሽ። ኮዱን ደግሞ «ልጨርስልሽ» ለሚል ደላላ አትስጪ። ኮዱን የያዘ ሰው ማለት በመታወቂያሽ የገባ ሰው ነው።

«ራሴ ከፍዬ አሳድሳለሁ»

አይሆንም። ኢቃማን የሚያሳድሰው ከፊሉ በራሱ አብሸር ነው፤ ለቤት ሠራተኛ የዓመቱ ክፍያ 600 ሪያል ነው። የዛሬ ስንት ዓመት እኔም «ጀዋዛት (ኢሚግሬሽኑ ቢሮ) ሰው አለኝ» ላለ ሰው 1,500 ሪያል ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። ያመጣልኝ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነበር፣ ቀኑ በኮምፒዩተር የተቀባበት። ገንዘቡ ቀረ፣ ሰውየውም ስልኩን ዘጋ።

ከፊሉ ካዘገየ የመጀመሪያው ቅጣት 500፣ ሁለተኛው 1,000 ሪያል ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ሠራተኛውን ከአገር እስከማስወጣት ይደርሳል። ጥፋቱ የሱ፣ የሚባረረው ሌላ ሰው፤ ይህ ነገር እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

የሱቅና የኩባንያ ሠራተኞች ኢቃማ በ3 ወር ሲታደስ አይተው የሚደነግጡ አሉ። እሱ ሕጋዊ ነው፤ ለኩባንያ ሠራተኛ በ3፣ በ6፣ በ9 ወር ማሳደስ ይቻላል። ለቤት ሠራተኛ ግን ይህ የለም።

«የኢቃማው ወጪ ከደመወዜ ይቆረጣል፣ ደንቡ ነው»

እንዲህ የሚል ደንብ የለም። የሳውዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 የኢቃማውን፣ የሥራ ፈቃዱን፣ የእድሳቱንና የመዘግየት ቅጣቱን በአሠሪው ላይ ይጥላል። የቤት ሠራተኞች በዚያ ሕግ ባይሸፈኑም፣ ለእነሱ የወጣው የራሳቸው ደንብም ወጪውን ለአሠሪው ነው የሚሰጠው። የእኛው አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግም የቪዛውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ክፍያ አሠሪው እንዲችል ያዛል። «ይቆረጣል» የምትል መዳም ካለች የኮንትራቱን ወረቀት አሳዪኝ በያት። የትኛውም መስመር ላይ አታገኘውም።

«ከፋላ ቀርቷል፣ አሁን እንደፈለግን እንቀይራለን»

ከፋላ ማለት ሠራተኛውን ከከፊሉ ጋር የሚያስረው አሠራር ነው። ይህን ወሬ ያመጣው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2021 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ነው። በዚያ መሠረት የኩባንያ ሠራተኛ ኮንትራቱ ሲያልቅ፣ ወይም አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ቂዋ በሚባለው ሲስተም ያለ ከፊሉ ፈቃድ መዛወር ይችላል። የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሹፌር፣ አትክልተኛ፣ እረኛና የእርሻ ሠራተኛ ግን አልገቡበትም። ከእኛ ሰው አብዛኛው ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። የኩባንያ ሠራተኛ በቲክቶክ የሚያወራውን ሰምታ ሻንጣዋን የምታነሳ የቤት ሠራተኛ ማግስቱን ሁሩብ («ከሥራ የጠፋች» ተብላ የተመዘገበች) ሆና ታድራለች።

«እንግዲያው ከፊል ካልፈቀደ ምንም መንገድ የለም»

ይህም ያው ስህተት በሌላ በኩል ነው። የቤት ሠራተኛ ዝውውር በወትሮው ሙሳነድ በሚባለው ሲስተም፣ የአሮጌው አሠሪ፣ የአዲሱና የሠራተኛዋ የሦስቱም ስምምነት ታክሎ ይፈጸማል። ሆኖም የአሮጌው ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ሁኔታዎች አሉ። ደመወዝ ሦስት ወር ካልተከፈለ (ተከታታይ መሆኑ ግድ አይደለም)፤ ሳውዲ ስትገቢ በ15 ቀን ውስጥ መጥቶ ካልተረከበሽ፤ ኢቃማሽ አልቆ 30 ቀን ካላደሰ፤ ሳትስማሚ ለሌላ ቤት ካከራየሽ፤ ጤናሽን ወይም ሕይወትሽን አደጋ ላይ ከጣለ፤ በሐሰት ሁሩብ ካስመዘገበሽ።

ነገሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። «አልከፈለኝም» ማለት ቀላል ነው፤ ድሮ ደመወዝ በእጅ ስለሚሰጥ እሱም «ከፍያለሁ» ይልና እኩል ለእኩል ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ግን በአዲስ ኮንትራት የመጡት ደመወዛቸው በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲከፈል ተደርጎ፣ ግዴታው ደረጃ በደረጃ እስከ ጃንዋሪ 2026 ሁሉንም እንዲያካትት ሆኗል። ስለዚህ የባንክ ካርድሽን መዳም «እኔ ጋ ይቀመጥ» ብትል እሺ አትበዪ፤ ያልገባ ደመወዝ ራሱ የሚመሰክርልሽ እዚያ ነው።

አቤቱታ የሚቀርበው ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ ነው፤ ስልኩ 19911። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል፤ መጀመሪያ አመልክቶ ከቤት መውጣትና መጀመሪያ ጠፍቶ ማመልከት አንድ አይደሉም። ዱላ ወይም ከዚያ የከፋ ካለ ግን ይህን ሁሉ ተዪውና ውጪ፤ ነፍስ ካለ ወረቀቱ ይደርሳል።

«ሁሩብ ከተባልኩ አለቀ» ወይም «ከፍዬ አስፍቃለሁ»

ሁሩብ ማለት ከፊሉ «ከሥራ ጠፍታለች» ብሎ ማስመዝገቡ ነው። በአዲሱ አሠራር ለቤት ሠራተኛ 60 ቀን አለ። ከገባች 2 ዓመት ያልሞላት በዚያ ጊዜ ውስጥ ጨርሳ ከአገር መውጣት አለባት፤ 2 ዓመት ያለፋት ወይ ትወጣለች ወይ ወደ ሌላ አሠሪ ትዛወራለች። እነዚህ ቀኖች ካለፉ በኋላ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ደግሞ ሚኒስቴሩ ቀደም ብለው ሁሩብ ለሆኑ የቤት ሠራተኞች በሙሳነድ ወደ አዲስ አሠሪ እንዲዛወሩ የስድስት ወር ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በዚያ ሰሞን «ወሬ ነው፣ ሊይዙን ነው» ብለው የቀሩ ብዙ አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰው በጅምላ ሲታፈስ ያየ ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

«ሁሩብ አስፍቃለሁ» ብሎ 3,000 ሪያል የሚጠይቅ ደላላ ግን ማንም ይሁን ማን ሲስተሙ ውስጥ እጅ የለውም።

«ፍሪ ቪዛ ነው የያዝኩት»

በሕግ እንዲህ የሚባል ቪዛ የለም። ያለው ለከፊል በየዓመቱ ገንዘብ እየከፈሉ ሌላ ቦታ መሥራት ነው። ሲያዝ ለሠራተኛውም ለከፊሉም ጦሱ ከባድ ነው፤ ለራሱ ሲሠራ የተገኘ ሰው እስከ 50,000 ሪያል ቅጣት፣ እስከ 6 ወር እስርና መባረር ተደንግጎበታል። ሹሜሲ ማቆያ ከገቡት ውስጥ «ኢቃማ ነበረኝ እኮ» የሚሉት ብዙዎቹ ይህን የያዙ ናቸው።

«ቆንስላው ያሳድስልኛል»

ፓስፖርት ያድስልሻል። ኢቃማ አያድስም። ፓስፖርትሽ ሲታደስ አዲሱ ቁጥር በከፊሉ አብሸር እንዲገባ ማስደረግን ግን አትርሺ።

«ኹሩጅ ያው ኹሩጅ ነው»

ሁለት ዓይነት መውጫ አለ፤ ኹሩጅ ወ ዓውዳ ሄዶ መመለሻ፣ ኹሩጅ ኒሃኢ ጨርሶ መሰናበቻ። በአማርኛ ሁለቱንም «ኹሩጅ ተመታልኝ» ስለምንል ልዩነቱ ጠፍቶ ይቀራል።

አንዲት የወሎ ልጅ ሐሙስ ለእናቷ ተዝካር ልትሄድ ሻንጣ ሞልታ፣ ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ መጣችልኝ፤ «ሦስት ወር ሰጥተውኛል» አለች። አብሸሯን ከፈትን። ማያው ላይ «ኒሃኢ» ይላል፣ ከሥሩ የ60 ቀን ገደብ። መዳሟ ጋ ደወልን። «ተሳስቼ ነክቼው ነው» አለች። ተሳስታ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ከአገር እስካልተወጣ ድረስ ግን ከፊሉ በአብሸር ሊሰርዘው ይችላል። እሁድ ማታ ተሰርዞ ወደ «ዓውዳ» ተቀየረ። ልጅቷ ስልኳን አምጥታ ዳግመኛ አስነበበችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ራሷ በጣቷ እየጠቆመች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ «ይቺ ዓይን ናት? ይቺስ ዋው?»