ኢንስታሌሽን ጥበብ ምንድን ነው?

ኢንስታሌሽን ቦታውን ራሱን ከሥራው የሚቆጥር የጥበብ ዓይነት ነው። ሐውልትን ዙረን እናየዋለን፤ ኢንስታሌሽን ውስጥ ግን እንገባለን። ወለሉ፣ ጣሪያው፣ መብራቱ፣ የተመልካቹ መተላለፊያ ሁሉ የሥራው አካል ነው። "ተራ ወንበር ምኑ ነው ጥበብ?" ለሚል ሰው መልሱ ወንበሩ ላይ አይገኝም። ወንበሩ የት፣ ስንት ሆኖ፣ በምን አኳኋን ተቀመጠ የሚለውን ማየት አለበት። ኮሎምቢያዊቷ አርቲስት ዶሪስ ሳልሴዶ እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ኢስታንቡል ውስጥ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለ ክፍተት 1,550 ያህል የእንጨት ወንበሮች ከምራለች። ከዚያ ክምር አንዱን ወንበር አውጥተው ሙዚየም ቢያስቀምጡት ያው ወንበር ነው።

ኢንስታሌሽንን ከሬዲሜድ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው። ፈረንሳዊው አርቲስት ማርሴል ዱሻ በ1917 ለኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ያቀረበው የሽንት መሽኛ ሬዲሜድ ነው፦ ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ መርጦ ጥበብ ነው ማለት። ያው ዱሻ በ1938 ፓሪስ ውስጥ 1,200 ያህል የከሰል ጆንያ ከጣሪያ ላይ ሲሰቅል ግን ክፍሉን ለወጠው። ወደ ኢንስታሌሽን የሚጠጋው ይሄኛው ነው።

ከጣሪያ የሚሰቀል ሥራ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሐሳቡ ድክመት ሳይሆን በአሰቃቀሉ ነው። ለምሳሌ የሚሰቀለው 200 ዕቃ፣ እያንዳንዱ 1.5 ኪሎ ቢሆን ጣሪያው 300 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ሽቦውና ማንጠልጠያው ገና አልተቆጠረም። የጂብሰም ኮርኒስ ይህን አይችልም። ማሰሪያው ኮርኒሱን አልፎ የኮንክሪት ሶሌታውን ወይም ቢሙን መያዝ አለበት፤ አቅሙንም መሐንዲስ ይመልከተው። ከሰው ራስ በላይ ለሚንጠለጠል ነገር የሽቦው የመበጠሻ አቅም ከዕቃው ክብደት 10 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ለ1.5 ኪሎ ዕቃ 15 ኪሎ የሚችል ሽቦ ማለት ነው። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ስለማይታይ ያጓጓል፤ ነገር ግን ጭነት ሲቆይበት ቀስ በቀስ ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል። በመክፈቻው ዕለት እኩል የነበሩት ዕቃዎች ከሳምንታት በኋላ ከፍና ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ቀጭን የብረት ሽቦ፣ ጫፉ በፒንሳ በሚጨመቅ የብረት ቀለበት ተይዞ፣ ከዚህ ችግር ያድናል።

ከመስቀል በፊት ወለሉን በጠመኔ በ50 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘኖች መክፈል፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከሚሰቀልበት ነጥብ ሥር አስቀምጦ ቁጥር መስጠት፣ ነጥቡን በቱንቢ ወይም በሌዘር ወደ ጣሪያ ማውጣት። ሥራው ከበሩ ርቆ ካለው ጥግ ተጀምሮ ወደ በሩ ይምጣ፤ አለበለዚያ መሰላሉን ይዞ መውጫ ይጠፋል።

መብራቱም የራሱ ጣጣ አለው። እንግሊዛዊቷ አርቲስት ኮርኔሊያ ፓርከር በ1991 በፈንጂ የተበተነ የጓሮ ዕቃ ቤት ስብርባሪ በአንድ አምፖል ዙሪያ ሰቅላ ጥላውን በግድግዳው ላይ በትናዋለች። እንዲህ ያለ ጥላ ጥርት የሚለው የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ሲሆን ነው። ነጭ የተቀባ አምፖል ቢገባበት ጥላው ይደበዝዛል።

ተመልካቹ ደግሞ ያልታሰበውን ያደርጋል። በ2010 ለንደን ቴት ሞደርን ሙዚየም ውስጥ የቻይናዊው አርቲስት የአይ ዌይዌይ 100 ሚሊዮን የሸክላ የሱፍ ፍሬዎች ሲረገጡ አቧራ አነሱ፤ በቀናት ውስጥ በላያቸው መሄድ ተከለከለ። በ2015 ቦልዛኖ፣ ኢጣሊያ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞች ባዶ ጠርሙሶችና ወረቀቶች የሞሉበትን ኢንስታሌሽን የድግስ ቆሻሻ መስሏቸው ጠራርገውታል። ለጽዳትና ለጥበቃ ሠራተኞች አስቀድሞ መንገር የተከላው አንድ ክፍል ነው።

ታዲያ ሙዚየም እንዲህ ያለ ሥራ ሲገዛ ምን ይገዛል? አርቲስቱ ፌሊክስ ጎንዛሌዝ-ቶሬስ በ1991 የሠራው የከረሜላ ክምር ተፈላጊ ክብደቱ 175 ፓውንድ፣ ወደ 79 ኪሎ ገደማ ነው። ተመልካች ከረሜላውን ይወስዳል፣ ባለቤቱ መልሶ ሊሞላው ይችላል። በባለቤቱ እጅ የሚቀረው የሥራው ባለቤትነት የምስክር ወረቀት ነው። ለሌሎች ሥራዎችም እንዲህ ያለ ሰነድ ዕቃዎቹን ከነልካቸው፣ የአሰቃቀሉን ንድፍና ፎቶ፣ የአምፖሉን ዓይነት፣ በተለይም የትኛው ዕቃ ሲሰበር በሌላ ሊተካ እንደሚችልና የትኛው እንደማይተካ መያዝ አለበት። ይህን የመጨረሻውን አርቲስቱ በሕይወት ሳለ በጽሑፍ ማስፈር ይገባል።