የ@ ምልክት አመጣጥና ስያሜ

በኢሜይል አድራሻ ውስጥ የሰውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም የሚለየው @ ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ጥንተ አመጣጡ ያከራክራል። በንግድ ሥራ ላይ መዋሉን ግን ሰነድ ይመሰክራል፤ የፍሎረንሱ ነጋዴ ፍራንቼስኮ ላፒ እ.ኤ.አ. በ1536 ከስፔኗ ከተማ ሴቪያ ወደ ሮም በላከው ደብዳቤ «አንፎራ» የተባለውን የወይን ጠጅ መስፈሪያ የጻፈው በዚህ ምልክት ነው። ስፔንና ፖርቱጋል ደግሞ «አሮባ» ለሚሉት የክብደት መለኪያ አዋሉት። አሮባ ከዐረብኛው «ሩብ» የመጣ ቃል ሲሆን የኩንታላቸው ሩብ፣ በስፔኗ ካስቲያ ልክ 11.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የአንዱን ዕቃ ዋጋ ማመልከቻ ሆኖ ከሒሳብ መዝገብ ወደ ጽሕፈት መኪና፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ፊደል ገበታ ተሸጋገረ።

እጣ ፈንታውን የለወጠው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ መልእክት መተው የሚቻለው ያንኑ ኮምፒውተር ለሚጠቀም ሰው ብቻ ነበር። ቶምሊንሰን ጎን ለጎን በቆሙ፣ ነገር ግን የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት መረብ ብቻ በሚገናኙ ሁለት ኮምፒውተሮች መካከል መልእክት ላከ። አድራሻው መለያ ምልክት ያስፈልገው ነበር፤ በሰው ስም ውስጥ ፈጽሞ የማይገባ ምልክት። @ ይህን ከማሟላቱም በላይ በእንግሊዝኛ ሲነበብ «እዚያ ቦታ ያለ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ከዚህ የተሻለ ምርጫ በገበታው ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ምርጫው ሁሉንም አልተመቸም። መልቲክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት @ የተጻፈውን መስመር የሚሰርዝ ትእዛዝ ስለነበር፣ አድራሻ የሚጽፍ ሰው ምልክቱ ላይ ሲደርስ ከዚያ በፊት የጻፈው ሁሉ ይጠፋበት ነበር።

ስያሜውን በተመለከተ አብዛኞቹ ሕዝቦች የተከተሉት ዓይናቸውን ነው። ጣሊያኖች ቀንድ አውጣ፣ ሩሲያውያን ውሻ፣ ሆላንዳውያን የዝንጀሮ ጅራት፣ ግሪኮች ትንሽ ዳክዬ፣ ሀንጋሪዎች ትል ይሉታል። በቼክኛ ስሙ ተጠቅልሎ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ ነው። ስፔኖችና ፖርቱጋሎች ግን የጥንቱን የሚዛን ስም አልለቀቁም፤ ዛሬም ኢሜይላቸውን ሲናገሩ አሮባ ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምልክቱን ፊደላትን በአጭርና በረጅም ምት ወደሚያስተላልፈው ሞርስ ኮድ አስገባው፦ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር።