ሮልባክ ምንድን ነው? በቆዩ የድብድብ ጌሞች በኢንተርኔት ለመወዳደር የሚያስችለው ስልት

ለአንድ ማኅበረሰብ የቆዩ የድብድብ ጌሞችን ውድድር በኢንተርኔት ለማዘጋጀት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የትኛው ጌም ይመረጥ ከሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ የሚቀድም ሌላ አለ፤ ይኸውም ጌሙ የሁለቱን ተጫዋቾች ትእዛዝ በኔትወርክ የሚያቀናጀው በምን መንገድ ነው የሚለው ነው። ዛሬ በዘርፉ ተመራጭ የሆነው መንገድ ሮልባክ ይባላል።

ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ስትሪት ፋይተር ሁለትም ሆነ በ1999 ያወጣው ስትሪት ፋይተር ሦስት ሰርድ ስትራይክ የተሠሩት ሁለት ሰዎች በአንድ ማሽን ፊት ጎን ለጎን ሆነው እንዲጫወቱ ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ገደማ ፍሬም፣ ማለትም ተከታታይ ምስል፣ ያሳያል፤ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ማሽኑም በእያንዳንዱ ፍሬም የሁለቱንም ተጫዋቾች ቁልፎች አንብቦ ቀጣዩን ሁኔታ ያሰላል። በሰርድ ስትራይክ የተሰነዘረን ምት በፓሪ ለማክሸፍ ያለው ጊዜ ጥቂት ፍሬም ብቻ ነው። በሌላ በኩል ብርሃን በፋይበር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በ10,000 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ተጋጣሚዎች መልእክት ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ሦስት ፍሬም ዘግይቶ ይደርሳል። ይህ መዘግየት በየትኛውም የኢንተርኔት ፓኬጅ አይጠፋም።

ቀደም ሲል የተለመደው መፍትሔ መጠበቅ ነበር፤ አንዱ ማሽን የሌላው ቁልፍ እስኪደርሰው ድረስ የራሱን ተጫዋች ትእዛዝም ያዘገያል። ርቀቱ ቅርብና መስመሩ የተረጋጋ ሲሆን መዘግየቱ እምብዛም አይታወቅም፤ መስመሩ ሲዋዥቅ ግን ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ በልምምድ የተያዘው የጊዜ ስሜትም ይበላሻል። በእኔ ግምት ከመዘግየቱ ይልቅ የሚጎዳው መለዋወጡ ነው፤ ሁልጊዜ በሁለት ፍሬም የሚዘገይን ቁልፍ እጅ ይለምደዋል፣ አንዴ በሁለት አንዴ በስድስት የሚዘገየውን ግን ማንም ሊለምደው አይችልም።

ሮልባክ መጠበቅን በግምት ይተካዋል። ተጫዋቹ የተጫነው ቁልፍ ወዲያውኑ፣ ወይም አስቀድሞ በተወሰነ አነስተኛ መዘግየት፣ በራሱ ስክሪን ላይ ይፈጸማል፤ የተጋጣሚው ቁልፍ ገና ስላልደረሰ ግን ማሽኑ ተጋጣሚው በመጨረሻ ይዞት የነበረውን ቁልፍ አሁንም እንደያዘ ይቆጥራል። ግምቱ የዋህ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ ይሰምራል፤ ምክንያቱም እጀ ፈጣን የሚባል ተጫዋች እንኳ በአብዛኞቹ ፍሬሞች ላይ አዲስ ቁልፍ አይነካም። እውነተኛው ቁልፍ ደርሶ ከግምቱ ጋር ከተስማማ ጨዋታው እንዳለ ይቀጥላል። ካልተስማማ ማሽኑ አስቀድሞ ወዳስቀመጠው ትክክለኛ ሁኔታ ይመለሳል፣ እውነተኛውን ቁልፍ ያስገባል፣ ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ፍሬሞች በሙሉ እንደገና አስልቶ ቀጣዩ ምስል ከመታየቱ በፊት ወደ አሁኑ ቅጽበት ይደርሳል። መልእክቱ በሦስት ፍሬም ቢዘገይ፣ የተጋጣሚው ቡጢ በስክሪኑ ላይ መታየት የሚጀምረው መነሻው ተቆርጦ ነው። ርቀቱ ሲበዛ ደግሞ ያረፈ የመሰለ ምት ተመልሶ በመከላከያ ላይ እንዳረፈ ሊታይ ይችላል፤ ተጫዋቾች ስለ ሮልባክ የሚያጉረመርሙትም በአብዛኛው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ እንዲሠራ ተመሳሳይ ቁልፎች በሁለቱም ማሽኖች ላይ ፍጹም ተመሳሳይ ውጤት መስጠት አለባቸው። የቆዩ ጌሞች እዚህ ላይ ተጠቃሚ ናቸው፤ ሥራቸው ለዛሬ ኮምፒውተር እጅግ ቀላል ስለሆነ ኢሙሌተሩ፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ሙሉ ሁኔታቸውን በየፍሬሙ ማስቀመጥና ብዙ ፍሬሞችን በቅጽበት ደግሞ ማስላት ይችላል። ኢቮ ከተባለው ታላቅ የድብድብ ጌሞች ውድድር መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶኒ ካነን ጂጂፒኦ የተባለውን የሮልባክ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረበው ለእነዚሁ ጌሞች አስቦ ነው፤ ኮዱ በ2019 ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ፋይትኬድ የተባለው የመጫወቻ ፕሮግራምም በዚህ ሥርዓት ላይ ቆሞ የአርኬድ (የጌም ቤት ማሽኖች) ዘመን ጌሞችን ተጫዋቾች በኢንተርኔት ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሜሌይ ደግሞ ሮልባክ ያገኘው በ2020፣ ከአሳታሚው ከኒንቴንዶ ሳይሆን ስሊፒ የተባለውን ፕሮግራም ከሠሩ አፍቃሪዎች ነው።

ለአዘጋጁ ከዚህ የሚከተለው ብዙ ነው። ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት የጌም ቅጂና አንድ ዓይነት የኢሙሌተር ስሪት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ማሽኖች ቀስ በቀስ ተለያይተው እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ስክሪን አሸናፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዋይፋይ ቢከለከልና በኬብል መገናኘት ግዴታ ቢሆን ይመረጣል፤ በዋይፋይ ላይ ፒንጉ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ) ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ መልእክቶች በየመሃሉ ስለሚጠፉና ስለሚዘበራረቁ ግምቱ ደጋግሞ ይከሽፋል። ተወዳዳሪዎችን በሩቅ ከመደልደል በአካባቢ ከፋፍሎ መጀመር የተሻለ ነው፤ ሮልባክ ርቀትን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። የፍሬም መዘግየቱ ስንት እንደሚሆን ተጋጣሚዎቹ ከመጀመራቸው በፊት አንድ የሙከራ ዙር ተጫውተው ቢስማሙ፣ መስመሩ መሃል ላይ ቢቋረጥ ዙሩ ይደገማል ወይስ በስክሪኑ ላይ የበለጠ ጉልበት የቀረው ያሸንፋል የሚለው ደግሞ ምዝገባ ሳይከፈት በደንቡ ቢጻፍ፣ ዳኛው በውድድሩ ቀን ከሚገጥመው ክርክር አብዛኛው አስቀድሞ ይቀርለታል።